ዓይን ሲደክም የጠመንጃው ጉጥ ለምን ይደበዝዛል?

ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ ሰው ጋዜጣ ሲያነብ ልብ ብላችሁ እዩት። መጀመሪያ ወደ ዓይኑ ያስጠጋዋል። ፊደሉ ይደበላለቅበታል። ቀስ እያለ ያርቀዋል። ክንዱን እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። በኋላም «ንባቡስ ገብቶኝ ነበር፤ ክንዴ ነው ያጠረው» ብሎ ይስቃል። እናቶችም ዘንድ ነገሩ ያው ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ሲያቅታቸው «ና እስቲ ልጄ፣ አንተ ዓይን አለህ» ይላሉ።

አንዳንዱ ግን አይስቅም። «ፊደል ለልጆች ነው፤ እኔማ አረጀሁ» ብሎ ደብተሩን ያጥፋል። አእምሮው እኮ አልደከመም። የደከመው ዓይኑ ነው፤ ለዚያውም የቅርቡን የሚያይበት አቅሙ ብቻ።

ይኸው ሰው ጠመንጃ አንሥቶ ሲያነጣጥርስ ምን ይገጥመዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው። ብዙ አባቶች «ድሮ የማልስት ነበርኩ፤ ዛሬ ጠመንጃው ተበላሸብኝ» ሲሉ ይሰማሉ። ጥይቱን ይረግማሉ። እጄ ተንቀጠቀጠ ይላሉ። በርሜሉ ጎበጠ የሚልም አለ። ከዚህ ሁሉ በፊት መመርመር ያለበት ግን ዓይን ነው።

በመጀመሪያ በስሞቹ እንስማማ። በአብዛኛው ጠመንጃ ላይ ሁለት ማነጣጠሪያ አለ። አንደኛው አፈሙዙ ጫፍ ላይ የቆመው ትንሽ ብረት ነው። እሱን «የፊት ጉጥ» እንበለው። ሁለተኛው ወደ ተኳሹ ቀረብ ብሎ የተቀመጠው፣ መሐሉ የተሰነጠቀው ብረት ነው። እሱን «የኋላ ስንጥቅ» እንበለው። ተኳሹ ጉጡን በስንጥቁ መካከል ያቆማል። ከዚያ ሁለቱን ከዒላማው ጋር ያስተካክላል።

እንግዲህ ዓይን ሦስት ነገር ማየት አለበት ማለት ነው። ስንጥቁ ከዓይን አንድ ክንድ ገደማ ይርቃል። ጉጡ ሁለት ክንድ፣ ማለትም 1 ሜትር ገደማ ይርቃል። ዒላማው ደግሞ 50 ወይም 100 ሜትር ላይ ነው። ሦስቱን በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያይ ዓይን የለም። የጎልማሳም፣ የሽማግሌም፣ የማንም ዓይን ይህን አያደርግም።

ታዲያ ወጣቱ እንዴት ይመታል? ዓይኑ ፈጣን ስለሆነ ነው። ስንጥቁን ያያል፣ ወዲያው ወደ ጉጡ ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ዒላማው፣ እንደገና ወደ ጉጡ። ይህን የሚያደርገው ዓይኑን ሳይጨፍንና ሳያስበው ስለሆነ ሦስቱንም አንድ ላይ ያየ ይመስለዋል።

ሌንስ ማለት ምስር ነው

ዓይናችን ውስጥ፣ ከጥቁሩ ብሌን ጀርባ፣ እንደ ብርጭቆ የጠራች ትንሽ አካል አለች። ሌንስ ትባላለች። ቃሉ የላቲን ነው፤ ምስር ማለት ነው። ቅርጿ የምስር ፍሬ ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለችው። የቅርብ ነገር ስናይ በዙሪያዋ ያለው ጡንቻ ይሠራና ሌንሷ ወፈር ትላለች። ሩቅ ስናይ ሳሳ ትላለች። በልጅነት ሌንስ እንደ ሊጥ ለስላሳ ናት፤ እንደፈለጉ ትታዘዛለች። ዕድሜ በገፋ ቁጥር ግን እየደረቀች ትሄዳለች። እንደ ደረቀ ቂጣ ማለት ነው፤ ቢጫኑትም አይተጣጠፍም።

ይህ በሽታ አይደለም። ለሁሉም ሰው፣ በየአገሩ፣ ለሀብታሙም ለድኻውም የሚመጣ ነው። የ10 ዓመት ልጅ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ዓይኑ የቀረበ ነገር አጥርቶ ያያል። በ40 ዓመት ይህ ርቀት 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በ50 ዓመት ወደ ግማሽ ሜትር ይደርሳል። በ60 ዓመት 1 ሜትር ገደማ ነው። ይህ እንግዲህ ሩቁን ደህና አድርጎ ለሚያይ ሰው የተሰጠ ልክ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሩቁ የሚፈዝበት ሰው ነገሩ ይገለበጥለታል፤ እሱ በስተርጅና ያለ መነጽር ያነባል፣ ዒላማው ግን አይታየውም።

ቁጥሮቹን ከጠመንጃው ጋር አገናኟቸው። ሰውዬው 50 ዓመት ሲሆነው መጀመሪያ ስንጥቁ ይጠፋበታል። 60 ሲሆነው ጉጡም መደብዘዝ ይጀምራል። ዒላማው ግን እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ይታየዋል። የሚያሳስተውም ይህ ነው። ዛፉንና ድንጋዩን በሙሉ ስለሚያይ «ዓይኔማ ደህና ነው» ይላል።

ትንሽ ሒሳብ

ጉጡ ደበዘዘ ማለት ምን ያህል ጉዳት ነው? ቁጥር የለያችሁ ሁሉ ይህን መሥራት ትችላላችሁ።

ጉጡ ከስንጥቁ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ እንበል። 1 ሚሊ ሜትር የአንዲት ጤፍ ርዝመት ያህል ናት። ከስንጥቁ እስከ ጉጡ 50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 100 ሜትር የዚህ 200 እጥፍ ነው። ስለዚህ የጤፏ ስሕተት 200 ጊዜ ትባዛለች። ጥይቱ 200 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ይስታል። ክላሽንኮቭ ላይ ደግሞ ከስንጥቁ እስከ ጉጡ ያለው 37.8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚያ ላይ ያችው ጤፍ ከ26 ሴንቲ ሜትር በላይ ታስታለች። ረጅሙ የድሮ ጠመንጃ ከአጭሩ ይሻላል የሚባለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ አባቶች ከልምድ ያወቁት ነገር ከሒሳቡ ጋር ይስማማል።

ዒላማው ቢደበዝዝስ? የዒላማውን መካከል በ10 ሴንቲ ሜትር ብትስቱ ጥይቱ የሚስተው ያንኑ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። አይባዛም። የጉጡ ስሕተት ግን ይባዛል። ስለዚህ የተኩስ አስተማሪዎች ሁሉ የሚሉት «ዓይንህ ጉጡ ላይ ይሁን፣ ዒላማው ይፍዘዝ» ነው። ሽማግሌው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ሌንሱ ወደ ሩቁ ስለደረቀች ዒላማው ይጠራለታል፣ ጉጡ ይፈዝበታል።

ምን ያህል ይፈዝበታል? ብሌናችን በቀን ብርሃን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይከፈታል። ሌንሱ ፈጽሞ የደረቀ፣ ሩቁን ግን የሚያይ ሰው፣ 1 ሜትር ላይ ያለው ነገር ጠርዙ በብሌኑ ስፋት ልክ ይደበዝዝበታል። 3 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የብዙ ጠመንጃ ጉጥ ራሱ ስፋቱ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ጭጋጉ ከብረቱ በለጠ! ጤፏ የትም ትጠፋለች።

የበረቱ በር

መፍትሔው የተገኘው ከትንሽ ቀዳዳ ነው። ከማንበብ ይልቅ ሞክሩት። ወፍራም ወረቀት ወይም ካርቶን ውሰዱ። በእሾህ ጫፍ ወይም በመርፌ 1 ሚሊ ሜትር የምታህል ክብ ቀዳዳ ብሱ። ፀሐይ ላይ ቁሙ። ያለ መነጽር ማንበብ የማትችሉትን ፊደል አቅርቡና አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀዳዳዋ ተመልከቱ። ቀዳዳዋ ከዓይናችሁ እንዳትርቅ፤ ሽፋሽፍት እስክትነካ ድረስ አስጠጓት። ፊደሉ ይጠራል።

አስማት የለበትም። ከብት በሰፊ በር ከበረት ሲወጣ በየአቅጣጫው ይበተናል፤ አንዱ ወደ ማሳ፣ አንዱ ወደ ወንዝ። በሩ ጠባብ ሲሆን ግን አንድ በአንድ ተሰልፎ በአንድ መንገድ ይወጣል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ከአንድ ነጥብ የመጣ ብርሃን በሰፊ ብሌን ሲገባ በዓይን ጀርባ ላይ ተበትኖ ያርፋል። ሌንሷ ጤነኛ ከሆነች የተበተነውን ትሰበስበዋለች፤ እረኛው እሷ ናት። የደረቀች ሌንስ መሰብሰብ አትችልም። በሩን ካጠበባችሁት ግን ብርሃኑ ሲጀመር አይበተንም፤ እረኛም ብዙ አያስፈልገውም።

በሒሳብ እንየው። ብሌኑ 3 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጭጋጉ 3 ሚሊ ሜትር ነበር። በ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ሲያይ ጭጋጉ 1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጉጡ እንደገና ጉጥ ይመስላል። ዒላማውም አይጠፋም።

ይህን ብልሃት ጠመንጃ ሠሪዎች ቀደም ብለው ያውቁታል። በኋላው ስንጥቅ ፋንታ ትንሽ ቀለበት ያለው ብረት ወደ ዓይን አስጠግተው ይገጥማሉ። ተኳሹ በቀለበቷ ቀዳዳ ውስጥ ጉጡን ያያል። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሚታዩት ነገሮች ከሦስት ወደ ሁለት ይወርዳሉ። ቀለበቷን አጥርቶ ማየት አያስፈልግም፤ ዓይን ጉጡን በራሱ ጊዜ ወደ ቀዳዳዋ መካከል ያመጣዋል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳዋ ጠባብ ከሆነች ከላይ ያየነውን ሥራ ትሠራለች። በተጨማሪም ቀለበቷ ወደ ኋላ ስለምትቀመጥ ከጉጡ ያላት ርቀት ይረዝማል፤ የጤፏ ስሕተት የምትባዛው ያነሰ ጊዜ ነው።

እንግሊዞች በፊተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉበት አጭሩ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃ በርሜሉ ላይ ስንጥቅ ነበረው። በሁለተኛው ጦርነት ጊዜ ያወጡት ቁጥር 4 የተባለው ግን ስንጥቁን ትቶ ከዓይን አጠገብ ባለ ቀዳዳ ሆነ። አሜሪካኖችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1942 ስፕሪንግፊልድ የተባለውን ጠመንጃቸውን ሲያሻሽሉ እንዲሁ አደረጉ። ምክንያታቸው ሽማግሌ አልነበረም። ለአዲስ ምልምል በቶሎ ማስተማር ስለሚቻል ነው። ለጀማሪ የቀለለው ለሽማግሌም ቀለለ።

በኢትዮጵያም ይህ ዓይነት ማነጣጠሪያ አዲስ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የታጠቀው ኤም ዋን ጋራንድ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ከኋላው ባለ ቀዳዳ ነው። የቀዳዳዋ ስፋት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ክላሽንኮቭና ብዙዎቹ የድሮ ጠመንጃዎች ግን ባለ ስንጥቅ ናቸው። ለደከመ ዓይን የሚያስቸግሩትም እነዚሁ ናቸው።

ብረቱን ሳይነኩ

ጠመንጃው ባለ ስንጥቅ ከሆነ ቀዳዳዋን መነጽር ላይ ማድረግ ይቻላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ በዕድሜ የገፉ የውድድር ተኳሾች ለዚሁ የተሠራ፣ ቀዳዳው የሚጠብና የሚሰፋ ትንሽ ክብ መነጽራቸው ላይ ይለጥፋሉ። ያ በሌለበት ጥቁር ፕላስተርም ይሠራል። በጥፍር ልክ ቁረጡ። መሐሉን በመርፌ ብሱት። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አንድ ጊዜ ሳይሆን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ፤ እናንተም እዩ፣ ሌላ ሰውም ይይ። ከዚያ እንደምትተኩሱ ሆናችሁ ተቀመጡ። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ ሲያርፍ ዓይን በመነጽሩ መካከል አያይም፤ ወደ ላይና ወደ አፍንጫ ጠጋ ብሎ ነው የሚያይ። ፕላስተሩን እዚያች ቦታ ላይ ለጥፉ። አንዴ አይገኝም፤ ሦስት አራት ጊዜ መለጠፍና መንቀል አለ።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። የ1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከ3 ሚሊ ሜትር ብሌን ጋር ሲወዳደር የምታስገባው ብርሃን ከዘጠኝ አንዱን እጅ ነው፤ 3 በ3 ሲባዛ 9 ስለሆነ። ስለዚህ ለቀን ብርሃን እንጂ ለማታ አትሆንም። ሌላው፣ በቀዳዳ የሚያይ ዓይን ግራና ቀኙን አያይም። መነጽሩ የሚደረገው ዒላማ ፊት ሲቀመጡ ብቻ ነው። ይዞት የሚሄድ ሰው ገደል ይገባል።

ስለ መነጽር ከተነሣ፣ ገበያ ላይ የሚሸጠውን የንባብ መነጽር አድርጎ መተኮስ አይሆንም። ቁጥሩን ማንበብ ከቻላችሁ ለምን እንደማይሆን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። 1 ሜትርን በመነጽሩ ቁጥር አካፍሉ። ቁጥሩ 2 ከሆነ ግማሽ ሜትር ይመጣል። ያ መነጽር የሚያጠራው ግማሽ ሜትር ላይ ያለውን ነው፤ መጽሐፉን ማለት ነው። ጉጡ ከዚያ አልፎ ነው፣ ዒላማውም ጭራሽ ይጠፋል። ቁጥር 1 ቢሆን ጉጡ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን 100 ሜትር ላይ ያለው ዒላማ በ30 ሴንቲ ሜትር ጭጋግ ይከበባል። ለጠመንጃ የሚመከረው ሩቁን ለማየት ከታዘዘው መነጽር ላይ ግማሽ ቁጥር፣ 0.5 ብቻ መጨመር ነው። ያን ጊዜ የጉጡ ጭጋግ 1 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የዒላማው 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ላይ ቀዳዳዋ ስትጨመር ጉጡ በግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ዒላማው በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይደበዝዛል። ወጣት ዓይን ሊባል ምንም አልቀረው። ይህን መነጽር ግን ገበያ ላይ አታገኙትም። ዓይን የሚመረምር ባለሙያ ጋ ሄዶ «ሩቁንና በ1 ሜትር ላይ ያለውን አንድ ላይ ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ መጠየቅ ነው።

ጥላሸትና ሞረድ

ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችም አሉ። ያረጀ ጉጥ ቀለሙ ተልጦ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ፀሐይ ከቀኝ ብትመጣ የሚያበራው የጉጡ ቀኝ ጎን ብቻ ነው። የደከመ ዓይን ያችን የምታበራዋን ጉጥ ናት ብሎ መካከል ላይ ያቆማታል። እውነተኛው ጉጥ ግን ወደ ግራ ቀርቷል፤ ጥይቱም ወደ ግራ ይሄዳል። ተኳሾች ጉጡን በኩራዝ ጥላሸት የሚያጠቁሩት ለዚህ ነው። ሰፊ ባርኔጣም ብርሃኑን ከዓይን ስለሚከላከል ይጠቅማል። ዒላማው ጥቁር ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው የጉጡን ጫፍ ነጭ ቀለም ነካ ማድረግ ይሻላል። ቀለሙ ከወፈረ ግን ጉጡ ይረዝማል። 1 ሚሊ ሜትር የጨመረ ጉጥ፣ በ50 ሴንቲ ሜትሩ ሒሳብ፣ ጥይቱን 100 ሜትር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ያደርገዋል። ጉጡ ሲያጥር ከፍ ይላል።

ሞረድ ግን አታንሡ። እርግጥ ነው፣ ስንጥቁን ሰፋ ማድረግ ለሽማግሌ ዓይን ይረዳል። በጉጡ ግራና ቀኝ ብርሃን ስለሚገባ ዓይን ሁለቱን ብርሃን ማመዛዘን ይቀለዋል። ችግሩ የተሞረደ ብረት አለመመለሱ ነው። ይህን መሥራት ያለበት የጠመንጃ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ስላደረገው፣ የፈቃዱን ነገር ቀድሞ ማጣራት ይገባል። የዱር አራዊትንም ያለ ፈቃድ መግደል በሕግ የተከለከለ ነው፤ እህል በሉብኝ ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም።

መነጽር ያለው ጠመንጃስ? አጉሊ መነጽር የተገጠመለት ጠመንጃ ችግሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ምልክቱና ዒላማው በአንድ ርቀት ላይ ያሉ ሆነው ስለሚታዩ ዓይን ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል አይጠበቅበትም። ከዚህ ሌላ በባትሪ የሚሠራ፣ መስታወት ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይም አለ። ነጥቧ ሩቅ ያለች ትመስላለች፤ የደረቀች ሌንስ ደግሞ ሩቁን ነው የምትወድ። የዚህ መሣሪያ ሐሳብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ሃዋርድ ግራብ ከተባለ የአየርላንድ ሰው የመጣ ነው። ዋጋቸው ግን ውድ ነው። ለአብዛኛው ገበሬ ከበሬ ቀድመው የሚገዙ አይደሉም፤ በእኔ አስተያየትም መሆን የለባቸውም።

ዕድሜ ብቻውን ተኳሽን አይጥልም። ኦስካር ስቫን የተባለ የስዊድን ሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1912 ስቶክሆልም በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ከጓደኞቹ ጋር ወርቅ ሲያገኝ 64 ዓመቱ ነበር። ውድድሩ የሚሮጥ የአጋዘን ምስል መምታት ነው። በ1920 አንትወርፕ ላይ ደግሞ በ72 ዓመቱ ብር አገኘ። ከእሱ የበለጠ ዕድሜ ይዞ የኦሊምፒክ ተኩስ ሜዳሊያ የወሰደ የለም።

ሌሊትና ኮሽታ

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ለቀን ነው። ሌሊት ሌላ ነው። ሲመሽ ብሌን ይሰፋል፤ 5 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል። የጉጡ ጭጋግም ከ3 ወደ 5 ያድጋል። ቀዳዳ እንዳታጠቡበት ብርሃን የለም። መነጽር ይረዳል እንጂ ጨለማን አያነጋም። ማሳ ጠባቂው ግን የሚተኩሰው አብዛኛውን ጊዜ ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ከርከሮ ገባ፣ ጅብ መጣ ተብሎ። ቁጥቋጦው ኮሽ ይላል፣ ጥቁር ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ጣት ቃታ ላይ ይሄዳል።

ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው? ከርከሮ ሊሆን ይችላል። የጎረቤት ጥጃም ሊሆን ይችላል። የጠፋ በግ ፍለጋ የወጣ ልጅም ጎንበስ ብሎ ሲሄድ ከርከሮ ያህላል። ዓይኑ የደከመ ሰው እነዚህን በጨለማ መለየት አይችልም። ማነጣጠሪያ ጥይቱን ወደታሰበበት ይወስዳል እንጂ የታሰበው ምን እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ዓይኑ የደከመ ጠባቂ ሌሊት ጠመንጃውን ይተው። ማማው ላይ እሳት፣ ቆርቆሮ፣ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ይቀመጥ። ከርከሮ የሚሸሸው ከድምፁ ነው። ለመተኮስ የግድ ከሆነ ዓይኑ የሚያይ ሰው ከጎኑ ይኑር፣ ባትሪም ይብራ።

ቀዳዳዋ ካልረዳችስ?

ካርቶኗን አትጣሉ። የዓይን ሐኪሞችም ይህንኑ ፈተና ይሠሩበታል። በቀዳዳዋ ሲያዩ ነገሩ ከጠራ ችግሩ መነጽር የሚፈታው ነው። በቀዳዳዋም ካልጠራ፣ ወይም ከባሰ፣ ዓይኑ ውስጥ ሌላ ሕመም ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ማነጣጠሪያ ማስተካከል ጊዜ ማባከን ነው።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ1,000 ሰው 16ቱ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ ማለት ያቺ ምስር የምትመስለው ሌንስ ደፍርሳ ነጭ ስትሆን ነው። ፀሐይ ላይ ብርሃን ይበታተንባታል፤ ጉጡም ዒላማውም በወተት ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። በሁለተኛ ደረጃ ያለው ትራኮማ ነው። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ የዓይኑን መስታወት ይፍቀዋል። ይህን የያዘው ሰው ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ከመንቀል የቆቡን ቀዶ ሕክምና ቢያደርግ ይሻለዋል፤ የተነቀለው ተመልሶ ይበቅላልና።

እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ግን ግላኮማ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም፣ አያቀላም። መካከለኛውን ሳይነካ ዳር ዳሩን ይበላል። የያዘው ሰው ጉጡንና ዒላማውን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ይመታልም። ከጎን እየሮጠ ወደ ዒላማው የሚገባውን ልጅ ግን አያየውም። እንዲህ ያለውን ሰው ካርቶኗም አታጋልጠውም። የሚያውቀው የዓይን ምርመራ ብቻ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ፣ በተለይ አባቱ ወይም እናቱ በዚህ ሕመም ዓይናቸው የጠፋ ሰው፣ ምንም ባይሰማውም ይታይ። በግላኮማ የጠፋ አይመለስም፤ የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል።

የሞራ ነገር ከዚህ ይቀላል። የደፈረሰችው ሌንስ ትወጣና በምትኳ ሰው ሠራሽ ትገባለች። ይህን መጀመሪያ የሠራው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ የእንግሊዝ ሐኪም ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ለንደን ውስጥ። በጦርነቱ ጊዜ የአውሮፕላን ፕላስቲክ መስታወት ስብርባሪ ዓይናቸው ውስጥ የቀረባቸው አብራሪዎች ነበሩ። ሐኪሙ ዓይናቸው ስብርባሪውን እንዳልተቆጣ ልብ አለና ሌንሷን ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ አሠራት።

አዲሷ ሌንስ ግን እንደ ልጅ ሌንስ አትወፍርም፣ አትሳሳም። አብዛኛውን ጊዜ የምትስተካከለው ለሩቅ ነው። ስለዚህ ዓይኑ የተሠራለት ሰው ጎረቤቱን ከማዶ ይለያል፣ ለመጽሐፍ መነጽር ይፈልጋል፣ ጉጡም ትንሽ ይደበዝዝበታል። ቀዳዳዋና ግማሽ ቁጥሯ ለእሱም ይሠራሉ። ሰደፍ ትከሻን ሲመታ ራስም ስለሚናወጥ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መቼ መተኮስ እንደሚቻል ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጠመንጃ አያንሣ። ሲፈቀድለትም አስቀድሞ በ25 ሜትር ወረቀት ላይ ተኩሶ ጥይቱ የት እንደሚያርፍ ይይ፤ ሞራ በነበረበት ዓይን ያስተካከለው ማነጣጠሪያ በአዲሱ ዓይን ወደ ሌላ ቦታ ሊጥል ይችላል።